በመኖሪያ ቤት በትኬት የሚቀርብ የሙዚቃ ዝግጅት፦ አዘጋጁም ጎረቤቱም ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በመኖሪያ ቤት ሳሎን ወይም ግቢ ውስጥ ሙዚቃ ማድመጥ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ወደ ድግስ ቤት ሲዘልቅ፣ በገና ደርዳሪው በዓቢይ ጾም በዘመድ አዝማድ መካከል ተቀምጦ ሲያዜም የኖረበት ባህል ረጅም ዕድሜ አለው። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እየታየ ያለው ልምድ ግን ከቀድሞው በአንድ ነገር ይለያል። ታዳሚው የተጠራ እንግዳ ሳይሆን ትኬት ገዝቶ የሚገባ ደንበኛ ነው።

ልምዱ እየሰፋ የመጣበት ምክንያት ለመረዳት አዳጋች አይደለም። የአዳራሽ ኪራይ ለጀማሪ ባለሙያ ከባድ ነው። ክራር፣ ዋሽንትና በገና ደግሞ በምሽት ክበብ ጫጫታ ውስጥ ጥራታቸው ይጠፋል፤ ሠላሳ ሰው ዝም ብሎ በሚያዳምጥበት ሳሎን ውስጥ ግን የጣት አነካኩ ሳይቀር ይሰማል። ቤተሰቡን ይዞ በጊዜ ገብቶ በጊዜ መውጣት ለሚፈልግ አድማጭም አመቺ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሳሎን ከሌላ ሰው መኝታ ቤት የሚለየው ብዙውን ጊዜ አንድ የብሎኬት አጥር ብቻ ነው። በመሆኑም ዝግጅቱን ለማካሄድ የሚያስብ ዜጋ፣ በአንጻሩም በዝግጅቱ ዕረፍቱ የሚታወክበት ጎረቤት፣ መብትና ግዴታቸው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አስቀድመው ቢያውቁ ከአላስፈላጊ ወጪና ከጉርብትና መቃቃር ይድናሉ።

እንግዳ መጋበዝና ትኬት መሸጥ ያላቸው ልዩነት

ልደት፣ ሠርግ፣ ማኅበር ወይም ምርቃት በቤት ውስጥ ሲከበር ሙዚቃ ቢኖርም ዝግጅቱ የግል እንደሆነ ይቆያል። የሚመጡት ሰዎች በስም የሚታወቁ፣ በቤተሰቡና በቅርብ ወዳጆቹ ዙሪያ ያሉ ናቸው። ትኬት ለማንኛውም ገዢ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ግን የዝግጅቱ ባሕርይ ይለወጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ክዋኔ ለሕዝብ የቀረበ መሆኑን የሚለካው በቦታው ስፋት አይደለም፤ ከቤተሰቡና ከቅርብ ወዳጆቹ ክበብ ውጭ ያሉ ሰዎች የተገኙበት ወይም ሊገኙበት የሚችሉ መሆኑን ነው የሚመለከተው። በዚህ መለኪያ መሠረት ትኬት የተሸጠበት የሃያ ሰዎች ሳሎን ለሕዝብ ክዋኔ የቀረበበት ስፍራ ነው።

አንዳንድ አዘጋጆች ክፍያውን «መዋጮ»፣ «የሻይ ቡና» ወይም «የመግቢያ ስጦታ» ብለው ቢሰይሙት ከግዴታ የሚድኑ ይመስላቸዋል። ስያሜው የነገሩን ምንነት አይለውጥም። ገንዘብ ያልከፈለ ሰው የማይገባበት ዝግጅት በትኬት የሚካሄድ ዝግጅት ነው። ከዚህ የሚመነጩ ግዴታዎች በአራት ወገኖች ዙሪያ ሊታዩ ይችላሉ፤ እነርሱም ጎረቤት፣ የኪነ ጥበብ ባለሙያው፣ ትኬት የገዛው ታዳሚና መንግሥት ናቸው። ከአራቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ዝግጅቱን ለማስቆም ግን የመጀመሪያው ምክንያት የሚሆነው ጎረቤት ነው።

የጎረቤት መብት በሕግ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በዚሁ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 1 ደግሞ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። ሁለቱ ድንጋጌዎች አይጋጩም፤ ኪነ ጥበብ የሚበረታታው የሌላው ዕረፍት ተከብሮ ነው።

የጉርብትናው ጉዳይ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥም በግልጽ ተቀምጧል። አንቀጽ 1225 የአንድ ይዞታ ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት የሚያደርስ ተግባር ከመፈጸም መቆጠብ እንዳለበት ያዝዛል። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከተከለከሉት መካከል ናቸው። ሕጉ ልኩን ለመወሰን የአካባቢውን ልማድና የቦታውን ሁኔታ ከግምት እንዲገባ ያደርጋል። በገበያ ዳር ባለ ቤት የማይከብድ ድምፅ ጸጥታው በተለመደ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ከልክ ያለፈ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በበኩሉ ድምፅን ደረጃ ሊወጣላቸው ከሚገቡ የብክለት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይመለከተዋል። በአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው ከፍተኛ የድምፅ መጠን በቀን 55 ዲሲቤል፣ በሌሊት 45 ዲሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ዲሲቤል ይፈቀዳል። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ሌሊት ተብሎ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ በአጽንዖት ሊታወቅ የሚገባው ነጥብ አለ። ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የተገኘ ፈቃድ አዘጋጁን ከድምፅ ገደቡ ነፃ አያደርገውም። ፈቃዱ ዝግጅቱን ለማካሄድ እንጂ ጎረቤትን ለማወክ አይሰጥም። የንግድ ፈቃድ፣ የባህል ጽሕፈት ቤት ደብዳቤና የፖሊስ ማሳወቂያ በእጁ ያለ አዘጋጅ ድምፁ ከልክ ካለፈ አሁንም ተጠያቂ ነው።

ድምፅ ከሳሎን እስከ ጎረቤት መኝታ ቤት

ዲሲቤል እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ በእኩል የሚጨምር መለኪያ አይደለም። የ10 ዲሲቤል ጭማሪ በሰው ጆሮ በግምት ድምፁ በእጥፍ የጎላ ያህል ይሰማል። በመሆኑም በ55 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ጥቂት ቢመስልም ለተኛ ሰው ትልቅ ነው። ለማነጻጸር ያህል ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ሲነጋገሩ ድምፃቸው በግምት 60 ዲሲቤል ይደርሳል።

ሜዳ ላይ ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ለምሳሌ በግቢ ውስጥ የተቀመጠ ድምፅ ማጉያ በአንድ ሜትር ርቀት 85 ዲሲቤል ቢሰጥ፣ በ2 ሜትር 79፣ በ4 ሜትር 73፣ በ8 ሜትር 67፣ በ16 ሜትር 61፣ በ32 ሜትር ደግሞ 55 ይሆናል። ይህ ማለት የቀኑን ገደብ ለማክበር የጎረቤት ቤት ከድምፅ ማጉያው 32 ሜትር ያህል መራቅ ነበረበት። የሌሊቱ 45 ዲሲቤል የሚገኘው 100 ሜትር ገደማ ከተራቀ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ የከተማ መኖሪያ ሰፈሮች እንዲህ ያለ ርቀት አይገኝም።

ግድግዳና ጣሪያ ድምፁን በከፊል ይይዛሉ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ብዙ ሲይዝ፣ ስስ የቆርቆሮ ጣሪያና ክፍት መስኮት ግን ብዙም አያግዱም። በተለይ የቤዝ ጊታር፣ የከበሮና የኪቦርድ ዝቅተኛ ድምፆች ግድግዳ ዘልቀው በሚቀጥለው ቤት እንደ ንዝረት ይሰማሉ። ጎረቤት «ዜማው አይሰማኝም፣ ድብደባው ግን እንቅልፍ ነሳኝ» ሲል የሚያማርረው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ በመኖሪያ ሰፈር የሚካሄድ ዝግጅት ያለ ድምፅ ማጉያ ወይም በአነስተኛ ማጉያ፣ በቤት ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ ቢሆን ይመረጣል። መስኮት ሲዘጋ ክፍሉ ስለሚታፈን የታዳሚው ቁጥር ያንን ታሳቢ ማድረግ አለበት።

ከዝግጅቱ አንድ ቀን በፊት ባለሙያዎቹ በልምምድ ላይ ሳሉ አዘጋጁ ወደ ጎረቤት ግቢ ገብቶ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በአጥሩ አጠገብና በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ቢያዳምጥ ከብዙ ግምት ይድናል። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያዎች ግምታዊ ውጤት ስለሚሰጡ ለማስረጃነት ባይበቁም፣ ማጉያውን ምን ያህል ዝቅ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ይረዳሉ።

የሚታወከው ጎረቤት በሙዚቃው ብቻ አይደለም። የመኪና በር መዘጋት፣ ጥሩምባ፣ በር ላይ የሚደረግ ስንብትና መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር አንዳንድ ጊዜ ከሙዚቃው ይበልጣሉ። ታዳሚው ምሽት 3 ሰዓት ሳይሞላ ከሰፈሩ እንዲወጣ የሚፈልግ አዘጋጅ ሙዚቃውን ቢዘገይ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ማጠናቀቅ ይኖርበታል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀምሮ 1 ሰዓት ላይ የሚያበቃ ዝግጅት ለሁሉም የተሻለ ነው።

ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር

የጎረቤትን ሐሳብ መጠየቅ ሕጋዊ ግዴታን ከማሟላት ያለፈ ጥቅም አለው። አዘጋጁ የማያውቀው ነገር በጎረቤት ቤት ሊኖር ይችላል፤ አራስ፣ የታመመ አዛውንት፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ የጤና ባለሙያ ወይም ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ። እነዚህ ሰዎች ቀኑ አስቀድሞ ከተነገራቸው ቀን እንዲቀየር ለመጠየቅ ወይም ራሳቸው ለመዘጋጀት ይችላሉ።

በመሆኑም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በግራ፣ በቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉ ቤቶችን በአካል ማነጋገር፣ የዝግጅቱን ቀን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት፣ የታዳሚውን ብዛትና መኪና የሚቆምበትን ቦታ በአጭር ጽሑፍ መስጠት ይመከራል። በጽሑፉ ላይ በዝግጅቱ ሰዓት የሚነሣ የስልክ ቁጥር መኖር አለበት። ስልኩን የሚይዘው ሰው በመድረክ ሥራ የማይጠመድ፣ ድምፁን ወዲያው ለማስቀነስ ሥልጣን ያለው ሊሆን ይገባል። ጎረቤት አንድ ጊዜ ደውሎ መልስ ካገኘ ወደ ፖሊስ የሚደውልበት ምክንያት አይኖረውም።

ሦስት ነጥቦች በተለይ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የጎረቤት ዝምታ ስምምነት አይደለም። ሁለተኛ፣ አንድ ጎረቤት የሰጠው ስምምነት ሌላውን አያስገድድም፤ ለአንድ ምሽት የተሰጠ ስምምነትም በየወሩ ለሚካሄድ ዝግጅት አይሆንም። ሦስተኛ፣ በሰፈሩ ለቅሶ ከተከሰተ ዝግጅቱን ማስተላለፍ ከአካባቢው ልማድ የሚመነጭ ግዴታ ነው። ድንኳን በተጣለበት መንደር ሙዚቃ ያሰማ ሰው በእድሩም ሆነ በጎረቤቱ ዘንድ ያለውን ከበሬታ በቀላሉ መልሶ አያገኝም። ለዚህ ሲባል በትኬቱ ላይ «በአካባቢው ሐዘን ቢያጋጥም ዝግጅቱ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ለማይመቸው ገንዘቡ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ አስቀድሞ ማስፈር ጠቃሚ ነው።

ቤቱ የማን ነው? ፈቃዱስ ከየት ይገኛል?

የመጀመሪያው ጥያቄ የይዞታ ነው። የግል ቤት ተከራይ የአከራዩን የጽሑፍ ስምምነት ማግኘት ይኖርበታል፤ ለመኖሪያ የተከራየ ቤት ለሌላ አገልግሎት ሲውል ውሉን ሊያፈርስ የሚችል ጉዳይ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይም ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ውጭ የቤቱን አገልግሎት መለወጥ የለበትም። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም በሚባለው፣ የሚኖር ሰው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ መመልከትና ማኅበሩን ማነጋገር አለበት። ግድግዳ፣ ወለልና ደረጃ የጋራ በሆኑበት ሕንጻ ውስጥ ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሄድ እንዲህ ያለ ቤት ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት የማይመች መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የንግድ ሥራ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የጸና የንግድ ፈቃድ ሳይኖር የንግድ ሥራ መሥራት የተከለከለ ነው። በተደጋጋሚ ትኬት እየሸጠ ዝግጅት የሚያቀርብ ሰው ሥራው ንግድ መሆኑን ሊረዳ ይገባል። ንግድ ፈቃድ ከሥራ አድራሻ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ቤቱ የሚገኝበት ቦታ በከተማው ፕላን ለመኖሪያ ብቻ የተመደበ ከሆነ ጥያቄው ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ለማዘጋጀት የሚያስብ ዜጋ በሁነት አዘጋጅነት ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር በጽሑፍ ውል መሥራት አንዱ አማራጭ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት የወረዳውን ወይም የክፍለ ከተማውን ንግድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የባህልና የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ነው። የኪነ ጥበብ ዝግጅቶችን የሚመለከተው በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮና በየደረጃው ያለው መዋቅሩ ሲሆን፣ በክልሎች ደግሞ የየክልሉ የባህል ዘርፍ ቢሮ ነው። የአፈጻጸም ሥርዓቱ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ በአንድ ከተማ የተሠራበት አካሄድ በሌላው ይሠራል ብሎ መገመት አያስፈልግም። ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ወይም ለማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት አስቀድሞ ማሳወቅም ለአዘጋጁ ራሱ ዋስትና ነው፤ ቅሬታ ሲቀርብ ፖሊስ ስለ ዝግጅቱ ምንነት አስቀድሞ ያውቃልና።

የቅደም ተከተሉ ምክንያት ግልጽ ነው። ትኬት ተሽጦ ካለቀ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ አዘጋጅ ፈቃዱን ቢከለከል የታዳሚውን ገንዘብ መመለስ፣ ለባለሙያው ቃል የገባውን መክፈልና ስሙን ማጣት ይጠብቀዋል።

ለኪነ ጥበብ ባለሙያው የሚጠበቅ ግዴታ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ሥራውን ለሕዝብ የማቅረብ ወይም ሌላው እንዲያቀርብ የመፍቀድ መብት ይሰጣል። ይህ የኢኮኖሚ መብት በደራሲው ሕይወት ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ድምፃዊው የራሱን ድርሰት የሚያቀርብ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። የሌላ ሰው ሥራ የሚቀርብ ከሆነ ግን የመብት ባለቤቱ ወይም መብቱን የሚያስተዳድረው የጋራ አስተዳደር ማኅበር ፈቃድ ያስፈልጋል። «ዘፈኑ የቆየ ነው» ወይም «ሁሉም ይዘፍነዋል» ማለት ከኃላፊነት አያድንም። በጉዳዩ ላይ ማብራሪያ የሚፈልግ ዜጋ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላል።

ከዋኙም የራሱ መብት አለው። ያልተቀረጸ ክዋኔውን መቅረጽና ማሰራጨት የሚቻለው በእርሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ዝግጅቱን በቪዲዮ ቀርጾ በማኅበራዊ ሚዲያ ለመልቀቅ ካሰበ ይህንኑ በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር፣ ታዳሚው በስልክ መቅረጽ ይፈቀድለት እንደሆነም አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የክፍያው መጠንና ጊዜ፣ የክዋኔው ርዝመት፣ ዝግጅቱ በጎረቤት ቅሬታ ወይም በሐዘን ምክንያት ቢቋረጥ ወይም ቢተላለፍ ለባለሙያው የሚከፈለው ምን እንደሆነ ከተጻፈበት ይበቃል። ያልተጻፈ ስምምነት በዝግጅቱ ማግስት ለጭቅጭቅ ይዳርጋል።

ትኬት፣ ደረሰኝና ግብር

ትኬት የገዛ ታዳሚ ሸማች ነው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ትኬቱ የዝግጅቱን ቀን፣ ሰዓት፣ የባለሙያውን ስም፣ ዋጋውንና የገንዘብ ተመላሽ ሁኔታን መያዝ ይገባዋል። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ቢገለጽ፣ በተለይ የውጭ አገር ዜጎች በሚገኙበት ዝግጅት፣ ከመዛነፍ ያድናል። ትኬቱ በሙሉ አስቀድሞ ተሸጦ በር ላይ ሽያጭ ባይኖር ደግሞ የሰልፍና የግፊያ ችግር ከሰፈሩ ይርቃል።

ከትኬት የሚገኝ ገንዘብ ገቢ ነው፤ በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ና ማሻሻያዎቹ መሠረት ይስተናገዳል። አዘጋጁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊኖረውና ሕጋዊ ደረሰኝ ሊሰጥ ይገባል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶ ታክስ ይሰበስባል። ለምሳሌ ታክሱን ጨምሮ በ500 ብር የሚሸጥ ትኬት 434 ብር ከ78 ሳንቲም የአገልግሎቱ ዋጋ ሲሆን፣ 65 ብር ከ22 ሳንቲም የመንግሥት ነው። ሠላሳ መቀመጫ ያለው ዝግጅት 15,000 ብር ሰበሰበ ማለት 15,000 ብር የአዘጋጁ ሆነ ማለት አይደለም። ዋጋውን የሚተምነው ሰው ታክሱን፣ የባለሙያውን ክፍያና የመብት ባለቤቶችን ድርሻ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

መጠጥ የሚቀርብ ከሆነ ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ሻይ፣ ቡናና ውኃ ብቻ የሚቀርብበት ዝግጅት ለአዘጋጁም ለሰፈሩም ጸጥታ የተሻለ ነው።

የታዳሚው ደህንነት

መኖሪያ ቤት የተሠራው ለአንድ ቤተሰብ ነው። ብዙ ሰው ሲገባበት ያልታሰበ አደጋ ሊያጋጥም ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 መሠረት የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ አደጋ ቢሆንም፣ ኃላፊ ነው። የተሰነጠቀ በረንዳ ላይ ሰው ማስቆም ወይም ያረጀ ደረጃ ላይ መቀመጫ መደርደር ከዚህ አንጻር መታየት አለበት።

የታዳሚውን ቁጥር ከክፍሉ ስፋት መነሣት ይገባል። 6 በ8 ሜትር የሆነ ሳሎን 48 ካሬ ሜትር ነው። ለባለሙያዎችና ለመተላለፊያ 15 ካሬ ሜትር ቢተው 33 ይቀራል፤ ለአንድ ተቀማጭ 1 ካሬ ሜትር ቢታሰብ ሠላሳ ሦስት ሰው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ትኬት መሸጥ መውጫውን መዝጋት ይሆናል። መውጫ በሮች በዝግጅቱ ሰዓት አይቆለፉም፤ ቢቻል ሁለት ሊሆኑ ይገባል። የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ በቅርብ መቀመጥ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በሰው መረማመጃ ላይ እንዳይዘረጋ መደረግ፣ ድምፅ ማጉያና ማብሰያ በአንድ ማከፋፈያ ላይ እንዳይሰኩ ጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ጄኔሬተር በቤት ውስጥ ወይም በዝግ በረንዳ ላይ ፈጽሞ አይነሣም፤ የሚያወጣው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሕይወት ያጠፋል።

የመኪና ማቆሚያም የደህንነት ጉዳይ ነው። በጠባብ የኮብልስቶን መንገድ በግራና በቀኝ የቆሙ መኪኖች አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና እንዳያልፍ ሊያግዱ ይችላሉ። ታዳሚው በዋናው መንገድ ወይም በተፈቀደ ማቆሚያ ቦታ መኪናውን ትቶ በእግሩ እንዲገባ በትኬቱ ላይ ማሳወቅ ይገባል።

ዕረፍቱ የታወከ ጎረቤት ምን ማድረግ ይችላል?

በዝግጅቱ ሰዓት የመጀመሪያው እርምጃ አዘጋጁን ማነጋገር ነው። ምላሽ ካልተገኘ ለአካባቢው ፖሊስ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ለደንብ ማስከበር ባለሥልጣን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይቻላል። ዝግጅቱ የሚደጋገም ከሆነ ጎረቤቱ ቀኑን፣ ድምፁ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ በቤተሰቡ ላይ ያስከተለውን ችግር በመዝገብ ቢይዝ አቤቱታው ክብደት ያገኛል። በሽማግሌ ወይም በእድር በኩል መነጋገርም በብዙ ሰፈሮች ውጤት ያስገኘ መንገድ ነው፤ የሕግ መብትንም አያስቀርም።

በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም አግባብ ላለው የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። የጊዜ ገደቡ እንዳያልፍ አቤቱታው የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አስፈላጊ ነው።

ጎረቤቱም በበኩሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ የሚከለክለው ከልክ ያለፈውን እንጂ ማንኛውንም ድምፅ አይደለም። በቀን፣ በገደቡ ውስጥና አልፎ አልፎ የሚሰማ ክራር የጉርብትና አካል ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሄድ በፊት

አመልካቹ የሚከተሉትን አዘጋጅቶ ቢቀርብ ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ ሊታይለት የሚችልበት ዕድል ይሰፋል።

1. የታደሰ መታወቂያና የቤቱን ይዞታ ወይም ኪራይ የሚያሳይ ሰነድ፤ ተከራይ ከሆነ የአከራዩ የጽሑፍ ስምምነት፤
2. የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ወይም ፈቃድ ካለው አዘጋጅ ድርጅት ጋር የተደረገ ውል፤
3. ከባለሙያው ጋር የተፈረመ ውልና የሚቀርቡ ሥራዎች ዝርዝር፣ የሌላ ሰው ሥራ ካለበት የመብት ባለቤቱ ፈቃድ፤
4. የዝግጅቱ ቀን፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ የታዳሚው ከፍተኛ ቁጥርና የክፍሉ ስፋት፤
5. ድምፅ ማጉያ ስለመኖሩና ስለሚቀመጥበት ቦታ፣ ስለ መውጫ በሮችና ስለ መኪና ማቆሚያ አጭር መግለጫ፤
6. ከአጎራባች ቤቶች ጋር ስለተደረገው ንግግር ማስታወሻ፣ በዝግጅቱ ሰዓት የሚነሣ የስልክ ቁጥር ጭምር።

በአዲስ አበባ በዝግጅቱ ሰዓት አደጋ ቢያጋጥም ለእሳት አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ቁጥሮቹ በመግቢያው በር አጠገብ በጉልህ ተጽፈው ሊለጠፉ ይገባል።